የመጋዘኑን ውሻ ማወቅ፦ ለእህል በረንዳ ሰው የተዘጋጀ መመሪያ

ማታ የአዲስ አበባ መርካቶ የእህል ገበያ በሆነው በእህል በረንዳ የመጋዘኖች በር ሲዘጋ ሥራ የሚጀምሩ ሁለት ናቸው፤ ዘበኛውና ውሻው። ከጎጃም፣ ከሸዋና ከአርሲ ጤፍና ስንዴ ጭነው የመጡት አይሱዙዎች አራግፈው ሄደዋል። ደላላው፣ ተሸካሚውና አህያ ነጂው ተበትኗል። ዘበኛው ጋቢውን ተከናንቦ በሩ ሥር ይቀመጣል፤ ውሻው ከእግሩ አጠገብ ይጋደማል። ሰባተኛ ከሚባለው ሰፈር አቅጣጫ ኮቴ ሲሰማ መጀመሪያ የሚቀሰረው የውሻው ጆሮ ነው፤ ዘበኛውም ባትሪውን የሚያበራው ያንን አይቶ ነው።

የዚህ ውሻ ጌታ ማነው? ነጋዴው ውሻው የመጋዘኑ ነው ይላል። ራቱን የሚያካፍለው ግን ዘበኛው ነው። ጠዋት ፍርፋሪ የምትጥልለት ሻይ ሻጭ በስሙ ትጠራዋለች፤ መንገደኛው ደግሞ የሰፈር ውሻ ነው ብሎ ያልፈዋል። ውሻው እነዚህን ሰዎች ለያይቶ ያውቃቸዋል። ለአንዱ ከተኛበት ይነሳል፣ ለሌላው ጭራውን ብቻ ያንቀሳቅሳል፣ ከሦስተኛው ይሸሻል።

ይህ መመሪያ ለዘበኛው፣ ውሻ ለማሳደግ ለሚያስብ ነጋዴና ጎህ ሳይቀድ በዚያ ለሚያልፍ ሠራተኛ የተዘጋጀ ነው። የቆመበት ሐሳብ አንድ ነው፦ ንቁ ጠባቂ የሚሆነው የሚያምነው ሰው ያለው ውሻ ነው። ርሃብ፣ ሰንሰለትና ዱላ ያሳደጉት ውሻ ፈሪ ይሆናል፤ የፈራ ውሻ ደግሞ ሌባውንም ሕፃኑንም ሳይለይ ይነክሳል።

መጀመሪያ ቆመው ይመልከቱ

ወደ ማያውቁት ውሻ ከመቅረብዎ በፊት ከጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ቆመው መላ ሰውነቱን ይዩ። ብዙ ሰው የሚያየው ጭራውን ብቻ ነው፤ ጭራውን ከቆላ ወዷል ይባላል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ጭራው ከወገቡ ጋር አብሮ ሰፋ አድርጎ ከተወዛወዘ፣ አፉ ላላ ብሎ ከተከፈተና ሰውነቱ ከተፍታታ ውሻው ተረጋግቷል። ጭራው ሽቅብ ተወጥሮ በአጭሩና በፍጥነት ከተንቀጠቀጠ፣ አፉ ከተገጠመና ዓይኑ ካልተነቀለ ግን ሰላምታ መስሎዎት አይጠጉ።

የጭራው ነገር ከዚህም የጠለቀ ነው። የጣሊያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ውሾች ጌታቸውን ሲያዩ ጭራቸው ይበልጥ ወደ ቀኝ፣ የማያውቁትን ኃይለኛ ውሻ ሲያዩ ደግሞ ይበልጥ ወደ ግራ እንደሚያዘነብል በቪዲዮ ለክተው አሳይተዋል። ልዩነቱን በዓይን መያዝ ስለሚያስቸግር በመንገድ ላይ የሚጠቅመው አሁንም መላ ሰውነቱን ማየት ነው።

ፍርሃትን ከትንንሽ ነገሮች ይለዩታል። እንቅልፍ ሳይኖረው የሚያዛጋ፣ ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን የሚልስ፣ ፊቱን አዙሮ የዓይኑን ነጭ እያሳየ በጎን የሚያይ ውሻ "ራቁልኝ" እያለ ነው። ጭራውን በእግሮቹ መሃል ሸጉጦ ጆሮውን ወደ ኋላ ካስተኛና መሸሻ ከሌለው፣ ከሚጮኸው ይልቅ እሱ ያስፈራል። የጀርባው ፀጉር መቆሙ ብቻውን ቁጣ ማለት አይደለም፤ ደንግጦም ጓጉቶም ሊሆን ይችላል።

ማጉረምረም ደግሞ የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ነው። ሲያጉረመርም የሚመታ ውሻ ማጉረምረሙን ይተዋል፣ ፍርሃቱን ግን አይተውም፤ ከዚያ በኋላ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ስለዚህ ውሻዎ ቢያጉረመርም ዱላ ከማንሳትዎ በፊት ያስፈራውን ነገር ፈልገው ከእሱ ያርቁት፣ ወይም እሱን ያርቁ።

ጎህ ሲቀድ በአጠገቡ ሲያልፉ

እህል በረንዳ ከንጋት በፊት ይነቃል። ጭነት ሊያወርድ የሚሄደው ሠራተኛ ራሱን በማዳበሪያ ሸፍኖ ወይም ሸክም ይዞ ከጨለማው ሲወጣ ውሻው የሚያየው የሰው ቅርጽ የሌለው ነገር ነው። ቢጮህ አይገርምም። በዚህ ጊዜ አይሩጡ፤ የሚሮጥን ነገር ማባረር በውሻ ደም ውስጥ ያለ ነው። ዓይኑን ትኩር ብለው አይዩት። ጎንዎን ሰጥተው፣ እጅዎን ወደ ራስዎ ሰብስበው ይቁሙ፤ ከዚያ በዝግታ፣ ጀርባዎን ሳይሰጡ ይራቁ። ዘበኛው በቅርብ ካለ ይጣሩ። "ጋሼ፣ ውሻውን ይያዙልኝ" ማለት ነውር የለበትም፤ ዘበኛው በስሙ ሲጠራው ውሻው ወዲያው ሲለዝብ ያያሉ። ምናልባት ዘሎ ቢጥልዎት ተጠቅልለው አንገትዎንና ፊትዎን በክንድዎ ይሸፍኑ።

በአገራችን ሁሉም ሰው የሚያውቀው ዘዴ ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ማለት ነው። በእርግጥ ብዙ ውሻ ይሸሻል። የሚሸሸው ግን ከዚያ በፊት ስለተወገረ ነው፤ የሚማረውም ጎንበስ ያለ ሰው ሁሉ ሊጎዳው እንደሚመጣ ነው። በማግስቱ የጫማዋን ክር ለማሰር አጠገቡ ጎንበስ ያለች ተማሪ የዚያን ትምህርት ዋጋ ልትከፍል ትችላለች። ልጆችን ከዚህ ልማድ መመለስ የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች ሥራ ነው።

ሲወዳጁት

ዘበኛውን አስቀድመው ይጠይቁ። ከፈቀደ፣ በውሻው ፊት ለፊት ቀጥ ብለው ሳይሆን ዞር ብለው በጎን ይቅረቡና ጥቂት ራቅ ብለው ቁጭ ይበሉ። እጅዎን ወደ አፍንጫው አይዘርጉ፤ እሱ መጥቶ ያሽትትዎ። ቀርቦ ከቆየ ደረቱን ወይም አገጩ ሥር ለጥቂት ሰከንድ እከክ አድርገው እጅዎን ያንሱ። ተጠግቶ ከጠበቀ ይቀጥሉ፤ ዞር ካለ ይተዉት። አናቱን ከላይ መታ መታ ማድረግና አንገቱን ማቀፍ ለሰው ፍቅር ነው፣ ለማያውቅዎት ውሻ ግን መያዝ ነው።

የመንገድ ውሻ ምግብ እንጂ ፍቅር አያውቅም የሚሉ አሉ። ተሳስተዋል። በህንድ የኮልካታ አካባቢ ተመራማሪዎች ባለቤት በሌላቸው የመንገድ ውሾች ላይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ የማያውቁት ሰው ደጋግሞ ሲገናኛቸው በምግብ ከቀረባቸው ይልቅ በመደባበስ የቀረባቸውን ይበልጥ እንዳመኑ ታይቷል። እነዚሁ ተመራማሪዎች በኋላ እንዳሳዩት፣ ማንም ሳያሠለጥናቸው ሰው በጣቱ ወደ ጠቆመው ዕቃ የሚሄዱ የመንገድ ውሾች ብዙ ናቸው። ለመቅረብ ፈርተው ከሩቅ የቀሩትም አልጠፉም፤ እነዚህ ከሰው ክፉ ያዩ ሳይሆኑ አይቀሩም ሲሉ አጥኚዎቹ ገምተዋል። የእህል በረንዳ ውሻም ኑሮው ከኮልካታው ብዙ አይለይም፤ ሳይናገር የሚያየንና የሚለየን እንስሳ ነው።

እዚህ ላይ ጉርብትናም አለ። መርካቶ አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን የሚተያዩባት ሰፈር ናት። የውሻ ምራቅ ልብሱን የነካው ሙስሊም ነጋዴ ሶላት ከመቆሙ በፊት ማጥራት ይጠበቅበታል፤ ስለዚህ እየዘለለ ሰው ላይ የሚንጠለጠል ውሻ ያለው ሰው ጎረቤቱን ያስቸግራል። መዝለሉን ማስተው ቀላል ነው። ውሻው ሲዘል አይግፉት፣ አይጩሁበት፤ ጀርባዎን ሰጥተው ዝም ይበሉ። አራት እግሩ መሬት ሲነካ ያን ጊዜ ያናግሩት። ቤተሰቡና ዘበኛው ሁሉ እንዲህ ካደረጉ መዝለል እንደማያዋጣው ይገባዋል። ውሻን አለመንካትና ለውሻ ማዘን ግን አይጣሉም፤ በእስልምና ትውፊት በጫማው ውሃ ቀድቶ የተጠማ ውሻ ያጠጣ ሰው ኃጢአቱ እንደተማረለት ይነገራል። ከመጋዘኑ ጥግ የተቆረጠ ጀሪካን ውሃ ሞልቶ ማስቀመጥ ማንንም አያስቸግርም፤ ለውሻው ግን በበጋ ቀን ከምግብ ይበልጣል።

ሲመግቡት

በየቀኑ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ ይመግቡት፤ ከቻሉ የሚመግበው ሌሊት አብሮት የሚያድረው ሰው ይሁን። "ውሻ በበላበት ይጮኻል" የሚለው ተረት እዚህ ይሠራል፤ የሚጠብቀው ያበላውን ሰውና ያበላውን ደጅ ነው። ከምሽቱ ጥበቃ በፊት የሚሰጠው ራት አያሰንፈውም። ያልበላ ውሻ ምግብ ፍለጋ እስከ ልኳንዳዎቹ ድረስ ይዞራል፤ መጋዘኑም ያለ ጠባቂ ያድራል።

ምን ይብላ? የመርካቶ ውሻ የሚኖረው በትርፍራፊና ከሆቴል በሚወጣ ቡሌ ነው። ችግሩ ወጡ ላይ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ቢበስሉም እንኳ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰብራሉ፤ የእኛ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ስለዚህ በወጥ የራሰ እንጀራ የዘወትር ቀለቡ አይሁን። ሩዝ፣ ቅንጬ፣ ወይም ደረቅ እንጀራ ሽንኩርት በሌለው የአጥንት መረቅ ተነክሮ ይሻለዋል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ስለሚወጋ አይስጡት።

ከልኳንዳ የሚገኝ ሳንባና ጉበት ርካሽና ተወዳጅ ነው፤ ግን ጥሬውን በፍጹም አይጣልለት። በከብትና በበግ ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚታይበት ጊዜ አለ። ይህ የአንድ ጥገኛ ትል እጭ መኖሪያ ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከሰገራው ጋር ይወጣል፣ በእጅ፣ በውሃና በአትክልት ወደ ሰው ይገባል። በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ላይም እንደዚያው ከረጢት ሠርቶ ለዓመታት ተደብቆ ያድጋል። ከረጢት ያለበትን ሥጋ ይቅበሩት ወይም ያቃጥሉት፤ ደህናውን በደንብ ቀቅለው ይስጡት። ከእንስሳት ሐኪም የሚገኘውን የትል መድኃኒት በወቅቱ ያስውጡት፤ ከነኩት በኋላ እጅዎን ይታጠቡ።

ጩኸቱን ሲሰሙ

ጥሩ ዘበኛ የውሻውን ድምፅ ይለያል። ይህ ችሎታ የዘበኛ ብቻ አይደለም፤ የሃንጋሪ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 እንዳሳዩት፣ ውሻ የሌላቸው ሰዎችም የተቀዳ ጩኸት ሰምተው ውሻው እንግዳ ላይ ነው የጮኸው ወይስ ብቻውን ታስሮ የሚለውን ከግምት በተሻለ ይለያሉ። ወፍራምና ቶሎ ቶሎ የሚከታተል ጩኸት የቁጣ ነው። ቀጠን ብሎ በየመሃሉ እረፍት ያለው ጩኸት የብቸኝነት ነው። ሁለተኛውን ሌሊቱን ሙሉ የሚያሰማ ውሻ ሌባ አላየም፤ ሰው ናፍቆታል።

ሲጮህ ሁልጊዜ ይነሱና ይመልከቱ። "ጎሽ" ብለው አረጋግተው ይመለሱ። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" እየተባለ ውሻው ይወቀሳል፤ ነገር ግን ሲጮህ ዝም በል ተብሎ በድንጋይ የሚመታ ውሻ በትክክለኛው ሰዓት ዝም ቢል ጥፋቱ የማን ነው?

ስለ ቅጣት አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ዘበኛው ጠዋት የተቀደደ ጆንያ አግኝቶ ሲቆጣ ውሻው አንገቱን ደፍቶ ይሸማቀቃል፤ "ጥፋቱን ያውቃል" ይባላል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ2009 ይህንን ፈትሻለች። ያጠፉትም ያላጠፉትም ውሾች ባለቤታቸው ሲቆጣ ያንኑ ፊት አሳዩ፤ እንዲያውም ሳያጠፉ የተቆጡት ባሱ። የሚሸማቀቀው በእርስዎ ቁጣ ነው። ከሰዓታት በኋላ የሚወርድበት ዱላ የሚያስተምረው ጆንያ አለመቅደድን ሳይሆን እርስዎን መፍራትን ነው። ጆንያውን ከአፉ ያርቁ፣ የሚያኝከው አጥንት ይስጡት።

ዘበኛ ሲቀየር

በዚህ ሰፈር ውሻን የሚጎዳው ትልቁ ነገር ምናልባት ይህ ነው፤ ማንም ግን ልብ አይለውም። ነጋዴው ዘበኛ ያሰናብትና በማግሥቱ ሌላ ይቀጥራል። አዲሱ ሰው ማታ ሲመጣ ውሻው ያጉረመርምበታል፣ ምግብ እምቢ ይላል፣ የቀድሞው ዘበኛ ወደሚመጣበት መንገድ እያየ ይቀመጣል። "አበደ" ተብሎ የሚባረረውም በዚህ ጊዜ ነው።

ውሻው ያዘነበት ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ1998 የቡዳፔስት ተመራማሪዎች ለሕፃናትና ለእናቶቻቸው የተሠራውን የመለያየት ፈተና በውሾች ላይ ሞክረው፣ ውሻ ከጌታው ጋር ያለው ትስስር ሕፃን ከእናቱ ጋር ካለው ጋር እንደሚመሳሰል አገኙ፤ ጌታው ባለበት ይጫወታል፣ ሲወጣ በሩ ላይ ይጠብቃል፣ ሲመለስ ከእንግዳው ይልቅ ለእሱ ይሮጣል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ውሻና ጌታው ረጅም ሲተያዩ ኦክሲቶሲን የተባለው፣ እናትን ከልጇ የሚያስተሳስረው ሆርሞን በሁለቱም ላይ እንደሚጨምር አሳይተዋል። ቶኪዮ ውስጥ ጌታው ፕሮፌሰር ኡዌኖ እ.ኤ.አ. በ1925 ከሞተ በኋላ ሃቺኮ የተባለው ውሻ እስከ 1935 ድረስ በሺቡያ ባቡር ጣቢያ ሲጠብቀው እንደኖረ ዓለም ያውቃል። ውሻ መውደድ የፈረንጅ ልማድ ነው የሚል ካለ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ትንሽ ውሻቸውን ሉሉን ከአጠገባቸው እንደማይለዩ የዘመኑ ሰው ያስታውሳል፤ ከበግ መንጋው ጋር ውሎ የሚገባውን የእረኛ ውሻም መጥቀስ ይቻላል።

ስለዚህ ርክክብ ያድርጉ። ቁልፍና ደረሰኝ እንደሚረከቡት ሁሉ ውሻውም ይረከብ። ቢቻል ለአንድ ሳምንት ሁለቱ ዘበኞች ማታ ማታ አብረው ይቀመጡ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነባሩ ይመግበው፣ አዲሱ ዝም ብሎ ይቀመጥ፤ ከዚያ አዲሱ ይመግበው፣ ነባሩ ይቀመጥ። ስሙ አይቀየር። ነባሩ ዘበኛ ያረጀ ጋቢ ወይም ጃኬት ውሻው በሚተኛበት ቢተው ጠረኑ ያረጋጋዋል። ነባሩ በድንገት ጠፍቶ ከሆነ አዲሱ ሰው በሩቁ ቁጭ ብሎ፣ ምግቡን አስቀምጦ፣ ሳያየው ይታገሥ። አንዳንዱ በቀናት ይለምዳል፣ አንዳንዱ ሳምንታት ይፈጅበታል።

ቡችላ ሲያመጡ

ከሁለት ወር በታች የሆነውን ከእናቱ አይለዩት። ስኮትና ፉለር የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ታላቅ ሥራ እንዳረጋገጡት፣ ውሻ ዓለምን የሚለምደው በግምት ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ ያላየውን ዕድሜውን ሙሉ ሊፈራው ይችላል። ስለዚህ የእህል በረንዳን ሕይወት በዝግታ ያሳዩት፦ የአይሱዙን ጡሩምባ፣ አህያውን፣ ሸክም የያዘ ሰው፣ ጃንጥላ፣ ሕፃን፣ ሻሽና ሒጃብ ያሰረች ሴት። እያንዳንዱን በሩቅ ያሳዩትና አንድ ጉርሻ ይስጡት።

"ኃይለኛ ይሁን" ተብሎ ቡችላን በጨለማ ሳጥን መዝጋትና ጆሮውን መቁረጥ መቅረት ያለበት ልማድ ነው። ጆሮ መቁረጥ ያሠቃየዋል፣ ቁስሉ ይመረቅዛል፤ ሰውም ሌሎች ውሾችም ስሜቱን የሚያነቡበትን አካል ይወስድበታል። ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚውለውም ሌሊት ሲፈታ የሚለቀቀው ከነጭንቀቱ ነው።

ቢነክስና ጠባዩ ቢለወጥ

አዲስ አበባ የእብድ ውሻ በሽታን ታውቀዋለች፤ ወረርሽኙ በከተማዋ የተመዘገበው ገና በ1895 ዓ.ም. ክረምት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት 59,000 ገደማ ሰው እንደሚሞትበት ይገምታል፤ ወደ ሰው የሚያስተላልፈውም እስከ 99 በመቶ ድረስ ውሻ ነው።

ውሻውን የሚያውቅ ሰው ምልክቱን ቀድሞ ያያል። ተግባቢው ይደበቃል፣ ዓይናፋሩ ይዳፈራል፣ ድምፁ ይሻክራል፣ እንጨትና ድንጋይ ይነክሳል። ሌላም ዓይነት አለ፤ ሳይቆጣ መንጋጋው ይወድቃል፣ ምራቁ ይዝረከረካል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ይህን ያየ ሰው አጥንት ተሰንቅሮበት መስሎት እጁን ወደ አፉ ይከታል። በፍጹም እንዳይሞክሩት።

የተነከሱ ከሆነ ቁስሉን ወዲያው በሚወርድ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠቡ። በርበሬ፣ ዘይት ወይም ቅጠል አያድርጉበት። በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ክትባቱን የት እንደሚያገኙ እዚያው ይነግሩዎታል። የባህል መድኃኒትም ሆነ ጸበል የሚሻ ሰው ክትባቱን ጀምሮ ይሂድ፤ የበሽታው ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ውሻው ከተገኘ አይግደሉት፤ አስረው ለ10 ቀን ይከታተሉት። በእነዚያ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው፤ ክትባቱ ግን ውጤቱን ሳይጠብቅ ይጀመራል።

የሰፈርን ውሻ በመርዝ መጨረስ በሽታውን አያስቀርም፤ የሞቱትን ቦታ ያልተከተቡ ሌሎች ይይዙታል። የሚያስቆመው ከውሾቹ 70 በመቶ ያህሉን መከተብ ነው። የመጋዘን ባለቤቶች ገንዘብ አዋጥተው ገበያው ጸጥ በሚልበት እሑድ አንድ የእንስሳት ሐኪም ቢያስመጡ በአንድ ጠዋት የመስመሩን ውሾች ሁሉ ያስከትባሉ። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ ከዓመት በኋላ ይደገምለታል፣ ከዚያ ሐኪሙ በሚለው ጊዜ ይቀጥላል። ሐኪሙ ሊከትበው የሚችለው ግን የሚያዝ ውሻ ነው። ስለዚህ ከቀጠሮው ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ ዘበኛው ማታ ማታ፣ ራት ከመስጠቱ በፊት፣ የውሻውን ማጅራት ቆንጠጥ፣ እግሩን ያዝ፣ አንገቱን በክንዱ ደገፍ እያደረገ ያለማምደው፤ መርፌው በሚሰጥበት ሰዓትም ከውሻው ራስ አጠገብ ተንበርክኮ፣ በስሙ እየጠራ የሚይዘው እሱ ይሁን።